ከሐረር ጀጎል እስከ ባሕር ዳር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የከተማ ጎዳና

የነገሥታት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ዙፋኑ፥ ጦር ሜዳውና የውል ወረቀቱ ነው። በዛሬው እሑድ እኛ የመረጥነው ከእነዚህ ሁሉ ዝቅ ያለውን ስፍራ፥ ጎዳናውን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ83 ዓመት ዕድሜያቸው በበቅሎና በባቡር፥ በአውቶሞቢልና በኤሮፕላን ተጉዘዋል። በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር የዛሬ መልኳን የያዘችው በእርሳቸው ዘመን በወጣ ፕላን ስለ ሆነ፥ የእኒህ ሰው ሕይወት ስለ ከተማ መንገድ ለሚያስብ ተማሪና ለወጣት ባለሥልጣን ብዙ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን። የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከተማ መንገድ ሲያወጣ መንገዱ የሚወጣው ለማን ነው?

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፥ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የሐረር ገዥ ልዑል ራስ መኰንን፥ እናታቸውም ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ነበሩ። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፥ አባታቸውም በ1898 ዓ.ም. ስላረፉ፥ ልጅነታቸው ሐዘን ያልተለየው ነበር። ያደጉባት ሐረር ግን ለሚያስተውል ሰው ራሷ ትምህርት ቤት ነበረች። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ ከተማይቱን ከቦ ይዟታል፤ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሚገባውና የሚወጣው ሰውና የጭነት ከብት ነበር። በውስጡ ያለው መተላለፊያ ጠባብና ጠመዝማዛ ሆኖ ለእግር የተለካ ነው። ጥላው ከቤቱ ግድግዳ ይገኛል፤ ገበያውም፥ መስጊዱም፥ የዘመድ ቤትም በእግር የሚደረስ ነው። ማንም ጎረቤቱን ሰላም ሳይል አያልፍም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ያስገባው እንዲህ ያለውን የከተማ አኗኗር ጭምር ተመልክቶ ነው። ልጅ ተፈሪ እንግዲህ የከተማን ፊደል የቆጠሩት በእግረኛ ከተማ ነው።

በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን ግዛት ሐረርን ተሾሙ። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ሲሄዱ ጀልባቸው ሰጠመና ለጥቂት ከሞት ተረፉ፤ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን በዚያው ቀሩ። ያን ጊዜ ጀልባ የዋጠው ሐይቅ ራሱ በ1990ዎቹ ውኃው ለመስኖና ለመጠጥ ያለ ልክ ሲቀዳ፥ አፈርም ሲሞላበት ቆይቶ ደረቀ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውኃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፥ ሐይቅ ያልጠበቁት እንደ ሆነ የሚጠፋ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ጣና ስንደርስ ይህን ነገር እናነሣዋለን።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፥ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. የጎጃሙን ገዥ ራስ ኃይሉን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው ኢየሩሳሌምን፥ ካይሮን፥ ፓሪስን፥ ብሩክሴልን፥ ስቶክሆልምን፥ ለንደንንና አቴናን ጎበኙ። በእነዚያ ከተሞች ያዩት ነገር ብዙ ነው፤ ድንጋይ የተነጠፈበት ሰፊ አደባባይ፥ በዛፍ የተሰለፈ ጎዳና፥ ለእግረኛ ብቻ የተለየ ከፍ ያለ መሄጃ፥ ሕዝብ በጋራ የሚሳፈርበት ትራም ነበረ። ከዚያ ሲመለሱ አዲስ አበባ ገና መንገዷ በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራ የሆነ፥ ባለጠጋው በበቅሎ፥ ድኻው በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ነበረች።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ከልዩ ልዩ አገር ለሚመጡት እንግዶች ሲባል የአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች በጥድፊያ ተጠገኑ፤ ቅስቶች ቆሙ፤ መብራትም ተተከለ። በመንገድ ዳር የነበሩ ጎጆዎች ከእንግዳ ዐይን እንዲሰወሩ በአጥር ተጋረዱ። ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም ወጣት አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱት እንለምናለን፤ ምክንያቱም ጎዳና የሚሠራባቸውን ሁለት አሳቦች ገልጦ ያሳያል። አንደኛው አሳብ ጎዳናን የሚሠራው ለሚያየው ሰው ነው፤ ሁለተኛው የሚሠራው ለሚኖርበት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሁሉ እነዚህ ሁለት አሳቦች በአገራችን ከተሞች ውስጥ ሲታገሉ ኖረዋል።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። የስደት ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። ባዝ በ18ኛው መቶ ዓመት በታሰበ ፕላን የተሠራች፥ ቤቶቿ በቅስት ተሰልፈው በመካከላቸው ሰፊ የሣር ሜዳ ያላት፥ ሰው ለመንሸራሸር የሚመጣባት ከተማ ናት። በዚያ ዙፋን አልነበራቸውም፤ የገንዘብ ችግርም ነበረባቸው። ኋላም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ መንገድ የሚባል ነገር አላገኙም። ወደ በላያ ተራራ የሚወስደው ምድር ቁጥቋጦና ገደል ስለ ነበረ ካሚዮኖቹ እየተሰበሩ ቀሩ፤ ጭነት የተሸከሙት ግመሎችም በብዛት አለቁ። የጎጃም አርበኛ ግን ያንኑ ምድር በእግሩ እየረገጠ አምስት ዓመት ተዋግቶበታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሱት በዚህ በጎጃም በኩል ነው።

ከነፃነት በኋላ የመንገድ ሥራ ከመንግሥቱ ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለዚሁ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። ለአዲስ አበባም የለንደንን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ መሪ ፕላን አዘጋጁላት። አዲስ አበባ ግን በኮረብታና በወንዝ የተቆራረጠች፥ ሠፈሮቿ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የበቀሉባት ስለ ሆነች፥ በወረቀት ላይ የተሠመረው ሁሉ በምድሯ ላይ አልሠመረም። ንጹሕ ወረቀት የሚመስል ሜዳ የተገኘው በጣና ደቡብ ዳር ነው።

ባሕር ዳር አስቀድሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ነበረች። ከዘጌና ከደሴቶቹ ገዳማት ጋር የምትገናኘው በታንኳ ነበር። ታንኳውን ከደንገል የሚሠሩትና ዓሣ የሚያጠምዱት ወይጦዎች ኑሯቸው ከሐይቁ ዳር የማይለይ ነበር። የኢጣልያ ጦር በወረራው ዘመን የአስተዳደርና የወደብ ስፍራ አደረጋት። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የስፍራውን ልምላሜ፥ ጣናን፥ ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣበትንና ጢስ ዐባይ የሚወድቅበትን አቅራቢያ ተመልክተው ታላቅ ከተማ እንድትሆን አሰቡ፤ የመንግሥቱንም ዋና ከተማ ወደዚያ ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር በታሪክ ይወሳል።

ዋና ከተማው ባይዛወርም ሥራው ተጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በዐባይ ላይ ድልድይ ተዘረጋ፤ በቤዛዊት ኮረብታም ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ታነጸ። በዚያው በ1950ዎቹ በጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን የከተማይቱን መሪ ፕላን አወጣ። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ የሚያስታውሰው ቀጥ ያለና ሰፊ፥ ዘንባባ የተሰለፈበት ጎዳና የዚያ ዘመን አሳብ ፍሬ ነው።

ስለ ከተማ ያለው የዓለም አስተያየት ያን ጊዜ በሁለት የተከፈለ ነበር። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ነበሩ። ብራዚል ከጥቂት ወራት በፊት መናገሻዋን ወደ ብራዚሊያ አዛውራ ነበር። ብራዚሊያ ርቀቷም ስፋቷም በአውቶሞቢል ተለክቶ የተነደፈች፥ እግረኛ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ የሚደክምባት ከተማ ናት። በአንጻሩ በኅዳር 1955 ዓ.ም. የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ዋናውን የገበያ መንገዷን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ሰጠች። ብዙዎች ነጋዴው ይከስራል ብለው ሲፈሩ፥ ሰው በዛበት፤ ገበያውም ደመቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የፈረደው በአመዛኙ ለኮፐንሃገን ነው።

ባሕር ዳር ፕላኗ የወጣው አውቶሞቢል የሥልጣኔ ምልክት በሆነበት ዘመን ቢሆንም፥ ሕይወቷ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ምድሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ርቀቱም መጠነኛ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛና ተማሪ ደግሞ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ለመኪና የተለካውን ሰፊ ጎዳና ብስክሌት ወረሰው። ባሕር ዳር በኢትዮጵያ የብስክሌት ከተማ ተብላ የታወቀችው ከዚህ የተነሣ ነው። ማንም በአዋጅ አላዘዘውም፤ ስፋት፥ ሜዳና ጥላ በአንድነት ሲገኙ ሕዝቡ ራሱ የሚስማማውን መረጠ። በ1990ዎቹም ከተማይቱ ከዩኔስኮ የከተሞች የሰላም ሽልማትን አግኝታለች።

እዚህ ላይ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ጎዳናው ሌላ ነገር መናገር ይገባናል። በቀድሞው ሥርዓት የተበደለ ሰው ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ አቤት ይል ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘመን ይህ ልማድ አልቀረም። አውቶሞቢላቸው ሲያልፍ ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል፤ አንዳንድ ጊዜ መኪናው ይቆማል፤ ማመልከቻው ይወሰዳል። እንግዲህ ጎዳናው ለድኻው ችሎትም ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በበቅሎ የሚሄድ ንጉሥ የሚሰማውን በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ንጉሥ ሁሉን ሊሰማው አይችልም። መኪናው እየፈጠነ፥ አጃቢው እየበዛ፥ የመንግሥቱም ሥራ እየተወሳሰበ ሲሄድ ያ ችሎት ጠበበ።

ከጠበበም በኋላ ጎዳናው ሌላ ቋንቋ ተናገረ። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መሬት ጥያቄ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰለፉ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ዐመፀ፤ የባሕር ዳር ጎዳና የሚያምር መሆኑ ከከተማው ውጭ ያለውን ቅሬታ አልሸፈነውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኃብ አለቀ፤ የተረፈውም በአውራ ጎዳና ዳር ወድቆ እርዳታ ለመነ። የካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ሕዝብ በየዕለቱ የሚሄድበት ነገር መቆሙ መንግሥቱን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ያን ያህል ዘመን በታላላቅ አውቶሞቢሎች ያለፉበትን ጎዳና ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ከዚያች መኪና የኋላ ወንበር ሆነው ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አስከሬናቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ስለ እርሳቸው አገዛዝ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ነው፤ በዚህ ገጽ አንጨርሰውም። የባሕር ዳር ጎዳና ግን ከዘመነ መንግሥታቸው አልፎ ቆይቷል። ጥያቄውም የእኛ ሆኗል። ከተማይቱ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ እጅግ ሰፍታለች። ርቀቱ ሲጨምር ባጃጁ በዛ፤ የመኪናውም ቁጥር አደገ፤ ብስክሌት የሚነዳው ሰው በቀድሞው ነፃነት አይሄድም። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ከመኪናው መስመር ሌላ ለብስክሌትና ለእግረኛ መሄጃ ተለይቶለታል፤ ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ እንዲህ ያለ ስፋት አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ባሕር ዳር ደርሶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሥራን አምጥቷል።

የከተማ ነዳፊዎች ሂሳብ በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ነው። 3 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ መስመር ለግል መኪና ቢሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1600 ሰው ያሳልፋል፤ ለብስክሌት ቢሰጥ እስከ 7500፥ ለእግረኛ ቢሰጥ ደግሞ እስከ 9000 ሰው ያሳልፋል። በአዲስ አበባ እንኳ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። በ2011 ዓ.ም. በዚያው በአዲስ አበባ በወሩ አንድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ለሕዝብ መክፈት ሲጀመር የተሰጠው ስም መንገድ ለሰው የሚል ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መንገድ ለሰው መሆኑ ተረስቶ ስለ ነበር ማስታወስ አስፈለገ።

ነገር ግን ለመኪና የሚሠራ ጎዳና ሰውን እንደሚገፋ ሁሉ፥ ለማማር ብቻ የሚሠራ ጎዳናም ይገፋል። በ1923 ዓ.ም. ጎጆዎቹ በአጥር መጋረዳቸውን አስቀድመን ተናግረናል። መንገድ ሲሰፋ ቤቱ የሚነሣበት ሰው ከሥራው ቦታ ርቆ ቢወሰድ፥ ያማረው የእግረኛ መሄጃ ለእርሱ አይደርስም፤ እርሱ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይሆናል። ጉልት ቸርቻሪዋ ከጥላው ሥር ብትነሣ ጥላው ለማን ቀረ? የጣና ዳርም እንደዚሁ ነው። የሐይቁ ዳር በየግቢው አጥር ከታጠረ ሕዝቡ በሐይቅ ዳር ከተማ እየኖረ ሐይቁን ሳያይ ይውላል፤ ወይጦው ወደ ደንገሉ መግቢያ ያጣል። የደንገሉ ዳር ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል የሚያጣራ፥ ለዓሣውም መራቢያ የሆነ ስለ ሆነ፥ እርሱን ነቅሎ ድንጋይ መደርደር ሐይቁን ራሱን መጉዳት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው የእንቦጭ አረም ሐይቁ ምን ያህል ጥበቃ እንደሚፈልግ አሳይቶናል። ከላይ ስለ ሐረማያ ያነሣነው ነገር እዚህ ላይ ይታሰብ።

ስለዚህ ነገ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በሚኒስቴር ፕላን የምትፈርሙ ወጣቶች አንድ ሥራ እንዲኖራችሁ እናሳስባለን። ከመፈረማችሁ በፊት መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። በቀትር ፀሐይ ከዐባይ ድልድይ እስከ ገበያው ተጓዙ፤ ሸክም የያዘች እናትና ዐይነ ስውር ሽማግሌ መንገዱን የት እንደሚሻገሩ ተመልከቱ፤ ጥላው የት እንደሚቋረጥ፥ የብስክሌቱ መስመር የት እንደሚጠፋ፥ ከሐይቁ የሚያደርሰው መተላለፊያ የት እንደ ታጠረ በማስታወሻችሁ ያዙ። መንገድ ዳር የቆመውንም ባለጉዳይ ጠይቁት። በእግረኛ ከተማ አድገው፥ ብዙ የዓለም ከተሞችን አይተው፥ ለባሕር ዳር ሰፊ ጎዳና የተመኙላት ንጉሥ በመጨረሻ ያጡት በጎዳናው ላይ ያለውን ሰው ድምፅ የሚሰሙበትን ቅርበት ነው። ፕላን የሚፈርም ሰው ያን ቅርበት ከያዘ፥ ሰፊውም ሆነ ጠባቡ መንገድ ለሚሄድበት ሰው ይሆናል።